የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራና ኑሮ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ጋብቻ፣ ስለ ድግስ አሰናዳድና ስለ አዲስ ጎጆ አወጣጥ ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ስለ ሙሽሪትና ስለ ሙሽራው፣ ስለ ሚዜዎችና ስለ ሽማግሌዎች፣ በጓዳ ስለሚደክሙት ሴቶች ጭምር ጽፈናል። ነገር ግን በሠርጉ ቀን ከሁሉ አስቀድሞ መጥቶ ከሁሉ በኋላ የሚሄድ፣ እድምተኛው ሲበላና ሲጠጣ እርሱ ቆሞ የሚውል፣ የሌሎችን መልክ በሺሕ በሚቈጠር ሥዕል ሲያኖር የራሱ መልክ ግን በአንዱም የማይገኝ አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም ፎቶግራፍ አንሺው ነው። ስለ እርሱ እስከ ዛሬ አንዳች ቃል ሳንናገር መቅረታችን የሚያስወቅሰን ነው። ስለዚህ ባለፈው የጥር ወር በአንዱ እሑድ፣ በሙያቸው ከሸመገሉ አንድ የአዲስ አበባ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ጋራ ከሌሊት እስከ ሌሊት ውለን፣ ያየነውንና የሰማነውን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ስማቸውን እንዳንጽፍ ለምነውናል። «ሥዕሉን ያየ ሰው ሙሽራይቱን እንጂ እኔን ሊያስብ አይገባም» አሉን፤ እኛም ፈቃዳቸውን አክብረናል።

እኒህ ሰው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ጥቂት አልፏል፤ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ናቸው። ወደ ሙያው የገቡት በ1972 ዓ.ም. በፒያሳ ከነበሩት ፎቶግራፍ ቤቶች በአንዱ በተላላኪነት ተቀጥረው ነው። በመጀመሪያ ደጅ ይጠርጉ፣ ሻይ ያመላልሱ ነበር፤ ኋላ ግን ከጨለማው ክፍል ገብተው ፊልም ማጠብን፣ በቀይ መብራት በወረቀት ላይ ማተምን፣ የፊትን ጠባሳ በቀጭን እርሳስ ከነጋቲቩ ላይ ማለስለስን ተማሩ። ይህ ሙያ በከተማችን የቈየ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉ አርመናዊ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠርተውበታል። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ መነሣት የመኳንንትና የባለጸጋ ነገር ነበር፤ እየቈየ ግን ወደ ሕዝቡ ወርዶ፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ተማሪ ሲመረቅ፣ ጎጆ ሲወጣ ሁሉ መነሣት ልማድ ሆነ።

እርሳቸው በጀመሩበት ዘመን አንዱ ጥቅል ፊልም እንደ ካሜራው ዓይነት 12 ወይም 36 ሥዕል ብቻ ይይዝ ነበር። ለአንድ ሠርግ ሦስት ባለ 36 ጥቅል የተገኘ እንደ ሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ 108 ሥዕል መሆኑ ነው። ፊልም በገበያ የማይገኝበት ወራትም ነበረ። በሰዓት እላፊ ምክንያትም እድምተኛው ወደ ቤቱ የሚገባበት ሰዓት የተቈረጠ ስለ ነበረ፣ ሥራው ሁሉ በጥድፊያ ይፈጸም ነበር። «ያን ጊዜ ካሜራውን ወደ ዓይናችን ከማቅረባችን በፊት በልባችን እንቈጥር ነበር፤ አንዱን ሥዕል ማበላሸት ከባለ ሠርጉ ኪስ ገንዘብ እንደ መውሰድ ነው» ሲሉ አጫወቱን። ይህን የፊልም ቍጥር ነገር አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ዓመት የገበሬን ዓመት ይመስላል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ወራት ጋብቻ ስለማይፈጸም፣ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ያለው የነቢያት ጾምና 55 ቀን የሆነው ዐቢይ ጾም ካሜራው ተጠቅልሎ የሚቀመጥባቸው ናቸው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንቶች መከሩ ናቸው። የእስልምና ተከታዮች ወገኖቻችንም በረመዳን ወር ሠርግ ስለማያደርጉ፣ ከዒድ በኋላ ያለው ጊዜ ሌላ መከር ይሆንለታል። በክረምት ደግሞ የአልበም ሥራ ይጨረሳል፤ ሌንስ ሻጋታ እንዳይበላው ይወለወላል፤ ያልተከፈለ ዕዳ ይጠየቃል። የዓመቱ ቀለብ የሚገኘው በጥቂት ሳምንቶች ቅዳሜና እሑድ ስለ ሆነ፣ በጥር ወር መታመም ለፎቶግራፍ አንሺ አይፈቀድለትም፤ እርሳቸውም በዚያ ወር ቀዝቃዛ ነገር ከቶ አይጠጡም።

እንግዲህ በዚያ እሑድ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ከቤታቸው ደረስን። ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ የባትሪ ክምርና የማስታወሻ ካርዶች በጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር። ካሜራው ሁለት የሆነበት ምክንያት፣ አንዱ ቢታመም ሠርጉ ቆሞ ስለማይጠብቅ ነው። ረዳታቸው የ20 ዓመት ገደማ ወጣት ነው፤ «ጋሼ፣ ባትሪዎቹ ሁሉ ሞልተዋል» ሲላቸው አንድ በአንድ ራሳቸው መልሰው አዩአቸው። ከዚያም ከአንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አንድ ካርድ አውጥተው፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ ከደረት ኪሳቸው ጨመሩት። ይህ ካርድ ለምን ብቻውን እንደ ተቀመጠ ብንጠይቃቸው «ቈይተን እንነጋገርበታለን» ብለው ተነሡ።

ሙሽሮቹ በተክሊል የሚጋቡ ስለ ሆነ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ተቀብሎ ይገባል። ብልጭታ አያበራም፤ በካህናትና በሙሽሮች መካከል አያልፍም፤ ወደ መቅደስ አይቀርብም። የተነገረውን ስፍራ ይዞ በጧፍና በሻማ ብርሃን ብቻ ይሠራል። አክሊሉ በሁለቱ ራስ ላይ የሚደረገው አንድ ጊዜ ነው። «ይቅርታ አባቴ፣ እንደ ገና ይድገሙልኝ» አይባልም። እርሳቸውም ያን ደቂቃ እስኪደርስ ድረስ ግንቡን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ገትተው፣ ካሜራውን በደረታቸው አስጠግተው ሲጠብቁ ስናይ፣ ከሚጸልዩት እንደ አንዱ መሰሉን። ደቂቃው ደረሰ፤ አራት ወይም አምስት ጊዜ ቀስ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ አለፈ። ከዚያ በኋላ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ከረፋዱ በ3 ሰዓት ወደ ሙሽራይቱ ቤት ስንደርስ ሌላ ዓይነት ጭንቅ ጀመረ፤ እርሱም የብርሃን ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች፣ በጥርም ሰማይዋ ደመና የማይታይበት ከተማ ስለ ሆነች፣ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ወደ ቀትር ሲጠጋ ጥላ ከቅንድብ በታች ወርዶ ዓይንን ይጋርዳል። በዚህ ላይ ሙሽራይቱ ነጭ ለብሳለች፤ ሙሽራው ጥቁር ለብሷል፤ ፊታቸው ጠይም ነው። ካሜራው ለነጩ ልብስ ከተስተካከለ ፊት ይጨልማል፤ ለፊት ከተስተካከለ የልብሱ ጥልፍ ሁሉ እንደ ወተት ፈስሶ ይጠፋል። የቀድሞው የቀለም ፊልምም ለጠይም ፊት ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀለም ማስተካከያ ወደ ማተሚያ ቤቶች ይልከው የነበረው ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የኛን ሰው ፊት ገጽታ ሳይጠፋ ለማውጣት የአገራችን ፎቶግራፍ አንሺዎች በራሳቸው ሙከራ መማር ነበረባቸው። የኒህም ሰው ብልኃት ቀላል ነው። ሙሽራይቱን ከደጃፉ ጥላ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ያስገቧታል፤ ረዳታቸውም ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ከፀሐዩ በኩል ይቆማል፤ ከጋቢው የሚመለሰው ለስላሳ ብርሃን ፊቷን ያበራዋል። ከውጭ አገር የመጣ የብርሃን መመለሻ ሸራ በሻንጣቸው ነበረ፤ ነገር ግን ከጋቢው አልበለጠም ብለው አላወጡትም።

ከዚያ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋራ ደረሰ፤ የሙሽራይቱም ወገኖች እንደ ልማዱ በዘፈን ደጁን ዘግተው ጥቂት ካስጨነቁት በኋላ ገባ። ቀጥሎም ጉልበት መሳም ሆነ። ይህን ጊዜ ልምድ የሌለው ፎቶግራፍ አንሺ ከሙሽሮቹ ኋላ ይቆምና የልብስ ጀርባ ብቻ አንሥቶ ይቀራል። እርሳቸው ግን ከወላጆቹ ወንበር አጠገብ ተንበርክከው ነበር፤ ከዚያ ስፍራ የልጅቱ ፊት፣ የአባትየው እጅ በራሷ ላይ ሲያርፍ፣ የእናትየውም እንባ በአንድ ሥዕል ይታያል። የዘመኑ ችግር ሌላ ነው። ዛሬ እድምተኛው ሁሉ በእጁ ስልክ ይዟል፤ ልክ ምርቃቱ ሲጀመር ስድስት ሰባት እጅ ከፊታቸው ተዘረጋ። እርሳቸው አልተቈጡም፤ በለሰለሰ ቃል «እማማን እንዳይጋርዱብኝ» ብለው የአንዱን እጅ ዝቅ አደረጉት። በኛ አሳብ ግን ዘመዶች በስልካቸው ከማንሣት ይልቅ በዓይናቸው ቢያዩ ለነርሱም ለሙሽሮቹም በተሻለ ነበር።

ምርቃቱ አልቆ ሙሽሮቹ ለመውጣት ሲሰናዱ፣ እርሳቸው ማንም ያላዘዛቸውን ሥራ ሲጀምሩ አየን። በቤቱ ውስጥ ካሉት አረጋውያን ወደ እያንዳንዳቸው እየሄዱ፣ ጐንበስ ብለው እጅ እየነሡ «አባቴ፣ ወደዚህ ወደ ብርሃኑ ይምጡልኝ» «እናቴ፣ ነጠላዎን ያስተካክሉልኝ» እያሉ በደጃፉ አጠገብ አስቀምጠው ለብቻ ለብቻ ያነሡአቸው ነበር። የዘፈኑ ጩኸት አላስቸኰላቸውም። አንዲት ባልቴት ከተነሡ በኋላ ነጠላቸውን እያጣፉ «ይቺስ ለዚያኛው ቀን ትሆነኛለች» ብለው ሳቁ፤ አጠገባቸው የነበሩትም ሳቁ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ግን አልሳቁም።

ወደ መኪናው ስንሄድ ነገሩን አስረዱን። «በሠርግ ያነሣሁት ሥዕል ሁለት ጊዜ ይፈለጋል። መጀመሪያ ሙሽሮቹ አልበማቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ይፈለጋል። ሁለተኛው ግን ከዓመታት በኋላ በሌሊት በስልክ ነው» አሉን። አንባቢዎቻችን ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። በአገራችን ሰው የሞተ እንደ ሆነ ሥዕሉ ጐላ ተደርጎ ታትሞ፣ በመስተዋት ገብቶ፣ በለቅሶው ቤት ይቆማል፤ አልቃሾቹ ይዘውት ያለቅሱበታል፤ በአርባውም በሙት ዓመቱም ይፈለጋል፤ በጋዜጣም ይወጣል። ነገር ግን የአንድ ሽማግሌ መልካም ሥዕል ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ለመታወቂያ ከተነሡት ጉርድ ፎቶግራፍ በቀር ሌላ የላቸውም። በክብር ልብሳቸው፣ በደስታ ፊት፣ ወገን ተሰብስቦ የተነሡት ልጃቸውን በዳሩበት ቀን ነው። ስለዚህ የሠርጉ ሥዕል ይመጣና የሙሽራይቱ ትከሻ ተቈርጦ ይወጣል፤ አባትየው ብቻቸውን ይቀራሉ። ቀብሩ በማግስቱ ስለሚሆን፣ የሚደውለው ሰው እስኪነጋ ድረስ ሥዕሉን ይፈልገዋል። «ልጅቷ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ድምፅዋን አላውቀውም፤ የሠርግዋን ቀን ግን አውቀዋለሁ» አሉን። ለዚህ ሥራ ዋጋ አይቀበሉም።

ከደረት ኪሳቸው ስላለው ካርድም ያን ጊዜ ነገሩን። በ1978 ዓ.ም. ነው። አንድ ሠርግ ላይ የያዙት ፊልም ኬክ ሲቈረስ አልቆባቸው ነበር። ማታ እድምተኛው መበተን ሲጀምር የሙሽራው አያት ከመንዝ ገቡ፤ አንድ ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በአውቶቡስ ተጕዘው ነው የደረሱት፤ አቧራው ከጋቢያቸው ላይ አልረገፈም። የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው «ልጄ፣ እስቲ እኔንም ከዚህ ጋራ አንሳኝ» አሉአቸው። «ፊልም አልቋል ማለት አፈርሁ። ባዶውን ካሜራ አንሥቼ መብራቱን ብልጭ አደረግሁት። ሽማግሌው ‘እግዜር ይስጥህ’ ብለው መረቁኝ» አሉ። በስምንተኛው ወር ሙሽራው የኀዘን ልብስ ለብሶ ወደ ፎቶግራፍ ቤቱ መጣ። አያቱ በሕይወታቸው የተነሡት ፎቶግራፍ ያ ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበርና እንዲታተምለት ለመነ። «እኔም ፊልሙ ሲታጠብ ተበላሸ አልሁት። ሁለት ጊዜ ዋሸሁ ማለት ነው። ሰውየው ዛሬም በዚሁ ከተማ አለ፤ በመንገድ ባገኘኝ ጊዜ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርሁትም።»

ይህን በጋዜጣ ማውጣት አይገባንም ብለን ነበር። እርሳቸው ግን «ስሜን ተዉት እንጂ ይህን ጻፉት» አሉን። ያ ሰው ይህን ገጽ ያነብ እንደ ሆነ ብለው ይሁን ወይም ስለ ሌላ ምክንያት አልጠየቅናቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊልም ዘመን ከመጨረሻው ጥቅል ስድስቱን ሥዕል፣ አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሳይነኩ ያቈዩ ነበር። ዛሬ በአንድ ካርድ ሺሕ ሥዕል ሲገባ ነገሩ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ያም ሆኖ ከደረት ኪሳቸው አንዱን ባዶ ካርድ አያወጡትም። ረዳታቸው መጀመሪያ ሲቀጠር የተማረው የመጀመሪያው ትምህርትም ስለ ሌንስ አይደለም፤ «ዘግይቶ የመጣ ሽማግሌ ሳይነሣ አይሄድም» የሚል ነው።

ስለ መኪናው ጕዞና ስለ መናፈሻው ብዙ አንጽፍም፤ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያየው ነውና። ቪዲዮ የሚያነሣው ባልደረባቸው ከፊት ባለችው መኪና ኋላ፣ ክዳኗ ተከፍቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ይሄዳል፤ ሲያዩት ያስፈራል። ለብዙ ዘመን ሙሽሮች የሚነሡት በግዮን ሆቴል አጸድ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ወደ ተራራው የሚወጡ ብዙዎች ናቸው። እኛ በደረስንበት መናፈሻ አንዲት ያማረች ዛፍ ነበረች፤ በሥሯም ለመነሣት አምስት ሙሽሮች ቀሚሳቸውን ሰብስበው በወንፊት ጠላ ቤት ውሃ እንደሚጠብቁ ሴቶች ተራ ይዘው ቆመው ነበር። የኛ ሰው ዛፊቱን ትተው ሙሽሮቹን ከአንድ ተራ ግድግዳ አጠገብ ወስደው በሩብ ሰዓት ጨረሱ።

አዳራሽ የገባነው በ9 ሰዓት ተኩል ነው። እርሳቸው ከሌሊት ጀምሮ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በቀር አልቀመሱም ነበር። ምግብ ሲቀርብ ፎቶግራፍ አንሺ መብላት አይችልም፤ ማዕድ ሲነሣ ደግሞ ዘፈን ይጀመራል። በዚህ ነገር ሠርግ ለምትደግሱ ወላጆች አንድ ቃል ብንናገር አትቀየሙን። ለፎቶግራፍ አንሺውና ለረዳቱ አንድ ትሪ ቀድሞ በጓዳ ይሰናዳላቸው፤ ከሠርጉ ቀን በፊትም የአረጋውያኑንና ከሩቅ የሚመጡትን ዘመዶች ስም በወረቀት ጽፎ የሚሰጣቸው፣ በዕለቱም ፊታቸውን የሚያሳያቸው አንድ የቤት ሰው ይመደብላቸው። ደግሞም ሥዕሉን በስልክ ውስጥ ብቻ አትተዉት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ በወረቀት ታትሞ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ የተቀመጠ ሥዕል ግን ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ቢያንስ የአያቶችን ሥዕል ማሳተም ከድግሱ ወጪ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ስለ ገቢያቸው ስንጠይቅ በመጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀብድ ይቀበላሉ፤ የቀረው አልበሙ ሲያልቅ ይከፈላል ይባላል፤ ነገር ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ ገንዘብ ያለቀባቸው ሙሽሮች ለዓመት ያህል አልበማቸውን ሳይወስዱ ይቀራሉ። ዕቃው ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንዱ ዶላር ከጥቂት ቀን በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ያረጀውን ካሜራ ለመለወጥ ያጠራቀሙት ገንዘብ ያንጊዜውኑ ለግማሹ እንኳ የማይበቃ ሆነባቸው። ከዚህም የከፋው በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ የገባበት ጊዜ ነው። በመጋቢት ወር መጨረሻ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለ ተከለከለ የፋሲካው መከር ሁሉ ቀረ፤ ቀብድ የሰጡትም እንዲመለስላቸው መጡ። እርሳቸው ስለ ገንዘቡ አላዘኑም። «በዚያ ዓመት ልጃቸውን ሳይድሩ ያለፉ ሰዎች አሉ፤ ከነዚያ ሥዕል የለኝም» አሉን።

በማግስቱ ሰኞ ወደ ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «በጥር ወር ባል የለኝም፤ ከጾም መያዣ በኋላ ይመለስልኛል» ብለው ቀለዱብን፤ ነገር ግን ቀልዳቸው እውነትነት አለው። ልጆቻቸው ክርስትና ሲነሡ፣ እኅታቸው ስትዳር፣ በጥምቀትና በዳግም ትንሣኤ ሁሉ ባላቸው በሰው ቤት ነበሩ። ግን ሥራው የባል ብቻ አይደለም። ሥዕሎቹን በሁለት ዲስክ ላይ የሚገለብጡ፣ አንዱን ዲስክ ቤት ቢቃጠል እንኳ እንዳይጠፋ ብለው በእኅታቸው ቤት የሚያስቀምጡ፣ በየዲስኩ ላይም ዓመተ ምሕረቱን፣ የሙሽራይቱን ስምና ደብሯን የሚጽፉ ባለቤታቸው ናቸው። በሌሊት ስልክ ሲጮኽም የሚፈለገውን ዲስክ ከመደርደሪያው የሚያወጡት እርሳቸው ናቸው። ሴት ልጃቸውም ሙያውን ይዛለች፤ በተለይ ወንድ ፎቶግራፍ አንሺ በማይገባባቸው የሴቶች ግብዣዎች እጅግ ትፈለጋለች፤ ከአባቷም ይልቅ ቀብድ የመቀበል ብርታት አላት አሉን እናትየው።

በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚስትና የልጆች ሥዕል ሞልቶ የባለቤቱ የለም። ምክንያቱን ብንጠይቅ ልጅቱ «ላንሣው ስለው ሁልጊዜ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም ይለኛል» አለች። እኛ ባለንበት አስቀመጠቻቸውና አንድ ጊዜ አነሣቻቸው፤ እርሳቸውም ከተነሡ በኋላ ሥዕሉን አይተው ጥላው በግራ በኩል በዝቷል ሲሉ ነቀፉት።

ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የእሑዱ ሥዕል 2,700 ያህል ነበር። ሙሽሮቹ የሚፈልጉትን ከመምረጣቸው በፊት የአረጋውያኑን ብቻ ለይተው ባለቤታቸው ከጻፉት የስም ዝርዝር ጋራ አስተያዩ። ዝርዝሩ 12 ስም ነበረ፤ ሥዕሉ ግን 11 ሆነ። ሁለት ጊዜ ቈጠሩ። የጐደሉት የሙሽራይቱ እናት ወንድም ነበሩ፤ ከደብረ ብርሃን የተነሡበት አውቶቡስ ተበላሽቶ አዳራሹ ከገባን በኋላ ደርሰው፣ ከኋለኛው ወንበር ተቀምጠው፣ ደክሟቸው ስለ ነበረ ሳይመሽ ሄደዋል። ረዳቱ እስከ መጨረሻው በበሩ ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን እርሳቸው የወጡት በጓዳው በር ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ ወደ ሙሽራይቱ እናት ደውለው «ወንድምዎ እስከ መልሱ ይቈያሉን?» ብለው ጠየቁ። ይቈያሉ ተባሉ።

መልሱ ሐሙስ ነበር። ውላቸው የእሑዱን ብቻ ስለ ሆነ ወደ መልሱ የመሄድ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን በ5 ሰዓት አንዱን ካሜራ ብቻ አንግበው፣ ያንን ካርድ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጨምረውበት ሄዱ። ሽማግሌው ከደጃፉ በስተ ቀኝ ባለ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሦስት ጊዜ አነሡአቸው፤ በሁለተኛው ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ሦስተኛው ግን መልካም ነው።